ያረጀ የነጋዴ ቤት ሲሸጥ ገዢው የሚረከበው ምንድን ነው?

በአሮጌ ከተማ መካከል የቆመ የጥንት ፎቅ ቤት ለሽያጭ ቀረበ በተባለ ጊዜ፣ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቦታው ነው። ለገበያው ይቀርባልን? በሩስ ወደ ዋናው መንገድ ይከፈታልን? ይህ አሳብ ለንግድ ሰው የተገባ ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ሕግ መሬቱ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ስላልሆነ፣ ቤቱን አፍርሶ በቦታው ለመጠቀም ብቻ አስቦ የሚከፍል ሰው ለከባድ ኪሣራ ይጋለጣል።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ሐረር ናት። የሐረሪ ሕዝብ ቤቱን «ጌ ጋር» ይለዋል፤ ትርጓሜውም የከተማ ቤት ማለት ነው። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ ደግሞ፣ የህንድ ነጋዴዎች ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት በረንዳ ያላቸውን ባለ ሁለት ደርብ ቤቶች ሠሩ። ዛሬ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጠራው ቤተ መዘክር እንኳ ያሠራው አንድ የህንድ ነጋዴ ነው። የግንቡ ከተማ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ፣ እነዚህ የነጋዴ ቤቶች ለከተማዪቱ ክብር ሆነዋል።

በእንግሊዝ አገርም ጆርጅ የተባሉ አራት ነገሥታት ተከታትለው በነገሡበት ዘመን፣ ከ1714 እስከ 1830 እ.ኤ.አ.፣ የተሠሩ የከተማ ቤቶች እስከ ዛሬ በብዙ ዋጋ ይሸጣሉ። በሎንዶን ብዙዎቹ የተሠሩት ከባለ ርስት መኳንንት ለተወሰነ ዘመን በኪራይ በተያዘ መሬት ላይ ነበር። ስለዚህ ገዢው ቤቱን ይገዛል እንጂ መሬቱን አይገዛም ነበር። በቅርስነት የተመዘገበውንም ቤት ያለ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም።

በኢትዮጵያም ነገሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ሕንጻ ግን የራሱ ነው። ስለዚህ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሻጩ በእርግጥ ባለቤት መሆኑን መመርመር ይገባዋል። በዚያ አዋጅ የተወረሰ ቤት ከሆነ፣ ተከራዩ ዕድሜውን ሙሉ ቢኖርበትም ሊሸጠው አይችልም።

ሁለተኛው ምርመራ የቅርስ ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የሆነ ሕንጻ ባለቤትነቱ ከመተላለፉ በፊት ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲገለጽ፣ የጥገናውም ሥራ በፈቃድ እንዲሠራ ያዝዛል። ሦስተኛው የውሉ ጉዳይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ስለሚያስገድድ፣ በደላላ ቃልና በሽማግሌ ምስክርነት ብቻ ቀብድ መስጠት ጥንቃቄ የጎደለው ሥራ ነው። ውሉ በጽሑፍ ከተደረገ በኋላም ስመ ሀብቱ በመዝገብ ካልተዛወረ፣ ገዢው ባለቤት ሆነ አይባልም።

ይህ ምክር ለአንበሳሜና ለደብረ ታቦር ነጋዴም የሚጠቅም ነው። ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዓመት የራሶች መቀመጫ፣ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ነበረች፤ በአቅራቢያዋ ያሉት ይፋግና ደሪጣም በንግድ የታወቁ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ከፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው መኖሪያ ሆኖ የተሠራ አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ግድግዳውን ጠግኖ፣ ጣራውን አድሶ፣ መልኩን ሳያጠፋ ቢሠራበት፣ ሱቁ ለእንግዳም ለአገሬም ሰው ምልክት ይሆንለታል። አፍርሶ ተራ ብሎኬት የሚያቆም ግን ከጎረቤቱ የማይለይ ሱቅ ብቻ ያገኛል። የጥንት ቤት እንደ ጨው አሞሌ ነው፤ ዋጋው ሳይሰበር እስከ ቆየ ድረስ ነው።