ሴቶቹ ከሜዳ የሚወጡት ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ተመሳሳይ ነው፦ «ልጄ እስከ አምስተኛ ክፍል ከወንዶቹ እኩል ስትጫወት ነበር። አሁን ስለ ኳስ ሲነሳባት ትበሳጫለች። ምን ሆና ነው?»

የሰፈር ሴት ልጆችን ስለማሠለጥን የማየውን ልንገራችሁ። ፍላጎቷ አልጠፋም፤ ሰዓቷ ነው የተወሰደው። ዕድሜያቸው 12፣ 13 ሲሆን ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ጊዜ ለወንዱ የሜዳ፣ ለሴቷ የጓዳ ይሆናል። ወንድሟ ቦርሳውን ወርውሮ ሲወጣ «ወዴት?» የሚለው የለም። እሷን ሽንኩርቱ ይጠብቃታል፣ ሕፃኑ ይጠብቃታል፣ ውኃ የሚመጣበት ቀን ከሆነ ደግሞ ጀሪካኑ። ጨርሳ ብትወጣ እንኳ ሜዳው ተይዟል፤ ቢያስገቧትም በረኛ ያደርጓታል። «ኳስ አትጫወቺ» ያላት ሰው ግን የለም። ስለዚህ የምትከራከረውም ሰው የላትም።

እንግሊዞች ቢያንስ በጽሑፍ ነበር የከለከሉት። በ1920 በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ ዲክ ከር የሚባለው የፋብሪካ ሴቶች ቡድን ሊቨርፑል ውስጥ ጉዲሰን ፓርክ ሲጫወት 53 ሺህ ያህል ሰው ገብቶ ነበር። በዓመቱ ፌዴሬሽኑ «ጨዋታው ለሴት አይሆንም» ብሎ ክለቦቹ ሜዳ እንዳይሰጧቸው አገደ። እገዳው እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። ልብ በሉ፣ የተከለከሉት ሜዳውን ነው። የእነሱ እገዳ ተጽፎ ስለነበር በመጨረሻ ተሰረዘ፤ የኛን ማን ይሰርዘው?

ሌላው ሰውነታቸው ነው። ጡት ማውጣት ሲጀምሩ አጥር ተደግፈው የሚያዩ ጎረምሶች ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ። ነጭ ቁምጣ የሚያስለብስ ቡድን ውስጥ ያለች ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ «እግሬን አሞኛል» ብላ ትቀራለች። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሴቶች እንኳ ነጩ ቁምጣ በሰማያዊ የተቀየረላቸው በ2023 ነው። ማሊያ የምታሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ጥቁር ቁምጣ!

«ማህፀኗ ይጎዳል» ለምትሉ እናቶች፦ አይጎዳም። ይልቅ ጉልበቷ ያሳስባችሁ። በዚህ ዕድሜ ኳስ የሚጫወቱ ሴቶች የጉልበታቸው ጅማት የመበጠስ አደጋ ከወንዶቹ ይበልጣል። መከላከያው ገንዘብ አይጠይቅም። «ፊፋ 11 ፕላስ» የሚባል 20 ደቂቃ የሚፈጅ ማሟሟቂያ አለ። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ተሞክሮ ከባድ ጉዳትን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ልጆቼ ይሰለቹታል፤ ሆኖም ሳይሠሩት ኳስ አይነኩም።

ኳስ ተጫዋቿን ሎዛ አበራን እያነሳችሁ «የፈለገች ትደርሳለች» የምትሉ አላችሁ። ሎዛ ከዱራሜ ተነሥታ ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች፤ እኮራባታለሁ። ግን የሰፈራችን ወንዶች አብዛኞቹ ኳስ አይችሉም፤ ደግሞም አይሰለቹም! ማታ ማታ ይጫወታሉ፣ አንድም ሰው «የት ልትደርስበት ነው?» አይላቸውም። ሴቷ ግን ሜዳ ለመውጣት ሎዛን መሆን አለባት። መካከለኛ ተጫዋች የመሆን መብት የላትም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ልምምዱ ወደ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዞር ሐሳብ አቅርቤ «ቅዳሜ እኮ ልብስ የምታጥብበት ነው» ያላችሁኝ ወላጆች፣ ወንድሟም እጅ አለው።

አዲስ ለምታስመዘግቡ፦ ታኬታ አትግዙ፣ ለመጀመሪያው ሸራ ጫማ ይበቃል። ውኃ በፕላስቲክ ይያዝላቸው። ሞደስ እኔ ጋ አለ፣ ሳያፍሩ ይጠይቁኝ።