ጉንጉኑ ለሟች ነው ወይስ ለቋሚ?

ከወደ ቨርጂኒያ አንዲት አንባቢያችን እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በዲሴምበር አርሊንግተን መካነ መቃብር ሄደን በወታደሮች መቃብር ላይ ጉንጉን እናስቀምጥ ብለውኛል። አብሮ አደጌ ግን ‹የማታውቂው ሰው መቃብር ላይ ምን አስኬደሽ? እስላም ይሁን አይሁድ በምን አወቅሽ?› ትለኛለች። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

እህቴ፣ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ የሜይን ስቴት ጉንጉን ነጋዴ ለገና ካዘጋጀው 5,000 ያህሉ ተረፈው። አርሊንግተን ወስዶ ጠያቂ እየቀነሰበት በሄደው አሮጌ ክፍል እንዲቀመጥ አደረገ። በየዓመቱም ቀጠለበት። በ2005 በረዶ የለበሱትን ጉንጉኖች የሚያሳይ ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ተሠራጨና አገር ምድሩ አወቀው። በ2007 ደግሞ ለዚሁ ሥራ በጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። ዛሬ በሺህ በሚቆጠሩ መካነ መቃብሮች በጎ ፈቃደኞች ጉንጉን ያስቀምጣሉ፤ የሟቹንም ስም ጮክ ብለው ይጠራሉ።

ታዲያ ጭቅጭቁ ከየት መጣ? አንዱ ከገንዘብ ነው። ድርጅቱ ጉንጉኑን የሚገዛው ከመሥራቹ ቤተሰብ ኩባንያ ነውና፣ «በሙታን ስም ንግድ ነው» የሚሉ አሉ። ድርጅቱ ደግሞ ቤተሰቡ በግዢው ውሳኔ እጁን አያስገባም ባይ ነው።

የከረረው ግን የሃይማኖቱ ነው። የጥድ ጉንጉን ከነቀይ ጥብጣቡ የፈረንጅ ገና ጌጥ ነው። አርሊንግተን ደግሞ ከ400,000 ሰው በላይ ተቀብሮበታል። መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ አለ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት አለ፣ ጨረቃና ኮከብ ያለበትም አለ። አይሁዶች መቃብር ሲጎበኙ የሚያስቀምጡት ጠጠር እንጂ ጉንጉን አይደለም። ደጋፊዎቹ «ጉንጉኑ መታሰቢያ ነው፣ ሃይማኖት የለውም» ይላሉ። ያም ሆኖ ድርጅቱ ራሱ፣ ቤተሰብ ካልጠየቀ በቀር የዳዊት ኮከብ ያለበትን መቃብር እለፉ ብሎ ያዛል።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አብሮ አደግሽ ግማሽ እውነት አላት። እኛ አገር የካቲት 12 ስድስት ኪሎ፣ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። ሐውልት የሁሉም ነውና የሚቀየም የለም። መቃብር ግን የአንድ ሰው ቤት ነው፤ ሰው ቤት ሳያንኳኩ አይገባም። እስላም ጎረቤታችን ሲሞት ቀብሩ ላይ እንቆማለን እንጂ «ፍትሐት ይደረግለት» አንልም። አክብሮት ማለት ይኸው ነው።

በሌላ በኩል ግን ልጆቹም የልጅ ልጆቹም አልቀው፣ ስሙን የሚጠራ አንድ ሰው ያጣ ወታደር እዚያ ተኝቷል። እሱን አስቢው።

ስለዚህ ሂጂ። ግን እጅሽን ከመዘርጋትሽ በፊት ድንጋዩን አንብቢ። መስቀል ካለበት አስቀምጪ። የሌላ እምነት ምልክት ካየሽ ጉንጉኑን ትተሽ ቁሚና ስሙን ጠርተሽ እለፊ። ምልክት ከሌለውም እንዲሁ አድርጊ። ቤተሰብ አጠገቡ ካገኘሽ «ይፈቀድልኛል?» በይ። የገንዘቡ ነገር ከከነከነሽ ደግሞ ጉልበትሽን ብቻ ስጪ፤ ዶላርሽን በሕይወት ላለ አንድ አካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደር አድርጊው፤ እሱም ጠያቂ ይፈልጋል።

አብሮ አደግሽንም ይዘሻት ሂጂ። ስትመለሱ ምን እንዳለች ጻፊልኝ።