የቮልሷ ሞተር ዓባይ በረሃ ላይ ለምን ይጠፋል?

እንደሚታወቀው፣ በተለምዶ «ቮልስ» የምንላት ትንሿ ቮልስዋገን ምርቷ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቢያበቃም፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ትታያለች። ባለቤቶቿን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው ፈጽሞ የተበላሸ ክፍል አይደለም፤ እሱስ ተገኝቶ ይለወጣል። የሚያስቸግረው ብቅ ጥልቅ የሚል ብልሽት ነው፤ ጋራዥ ሲደርሱ ይሰወራል፣ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርሱ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ ከነዳጅ አቅርቦት ጋር የተያያዘ አንድ እንዲህ ያለ ብልሽት በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብቻ እንዴት ሊፈታ እንደሚችል እንመለከታለን።

ጉዳዩ የራሳችን ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ቤንዚን ቀድተን ወደ ዓባይ ድልድይ ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት እንደጀመርን፣ ከኋላችን የጭነት መኪና እየተከተለን ሳለ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆምን በኋላ ምንም ሳንነካው ተነሣ። ይህ ሲያጋጥመን ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት «ሙቀት ነው» ተብለን የቤንዚን ፓምፕ ሁለት ጊዜ አስለውጠናል። አዲስ አበባ ውስጥ ሲሞከር ግን መኪናዋ ምንም እንከን አልነበራትም።

በቮልስ ውስጥ የነዳጅ ማጠራቀሚያው (ሳልቫትዮው) ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ስስ ተለጣጭ ሽፋኑን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሰ ቤንዚኑን በቀጭን ቱቦ ስቦ ወደ ካርቡራተሩ ይገፋዋል። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ፓምፕ «ይስባል» ስንል በእርግጥ የሚሆነው ምን እንደሆነ ነው። ፓምፑ በውስጡ ያለውን ግፊት ይቀንሳል እንጂ ቤንዚኑን የሚገፋው በሳልቫትዮው ውስጥ ያለው አየር ነው።

የመጀመሪያው መላ ምት ሙቀት ነው፤ በቂ ምክንያትም አለው። ፈሳሽ የሚፈላው የተኑ ግፊት ከአካባቢው ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። በባሕር ወለል ከፍታ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ግን ወደ 76 ይወርዳል። ስለዚህ ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። በቤንዚን ውስጥ ከሚገኙት ቀላል ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ፔንቴን ደግሞ በባሕር ወለል በ36፣ በአዲስ አበባ ከፍታ በ28 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በጋለ ሞተር አጠገብ ያለ ፓምፕ ከዚህ እጅግ ይሞቃል። ፓምፑ በተን ከተሞላ ሽፋኑ ተኑን ያምቀዋል እንጂ ፈሳሹን አያንቀሳቅሰውም። ሞተሩ ሲበርድ ተኑ ወደ ፈሳሽነት ይመለስና መኪናዋ ትነሣለች።

ሁለተኛው መላ ምት የመተንፈሻ መደፈን ነው። ቤንዚን በወጣ ቁጥር ቦታውን የሚተካ አየር በክዳኑ ቀዳዳ ወይም፣ እንደ ሞዴሉ ዓመት፣ በቀጭን ቱቦ መግባት አለበት። ይህ መንገድ በአቧራ ቢደፈንስ? 40 ሊትር በሚይዝ ሳልቫትዮ ውስጥ 35 ሊትር ቤንዚን አለ እንበል፤ የአየሩ ቦታ 5 ሊትር ነው። ክዳኑ የተዘጋው በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ግፊቱ 75 ኪሎፓስካል በሆነበት ቦታ ነው። ግማሽ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል፣ በቦይል ሕግ መሠረት የውስጡ ግፊት 75 × 5 ÷ 5.5፣ ማለትም ወደ 68 ይወርዳል። ድልድዩ አጠገብ ግን ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ፣ የውጩ ግፊትም ወደ 89 ነው። ልዩነቱ 21 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ ይህ ቤንዚንን 3 ሜትር ያህል ሽቅብ ከማንሣት ጋር እኩል ነው። ፓምፑ በተለመደው ጊዜ የሚያነሣው ግን ከአንድ ሜትር በታች ነው! የቤንዚኑ ተን ልዩነቱን በመጠኑ ያጠበዋል፤ አቅጣጫውን ግን አይለውጠውም።

እንግዲህ ሁለቱም መላ ምቶች አንድ ዓይነት ምልክት ይሰጣሉ። ዕረፍትም ሁለቱንም «ይፈውሳል»፤ አንዱን በማቀዝቀዝ፣ ሌላውን ደግሞ አየር በትንሽ በትንሹ ሾልኮ እንዲገባ ጊዜ በመስጠት። ሆኖም ሁለተኛው መላ ምት ሌላ ነገርም ይተነብያል። ብልሽቱ ሳልቫትዮው ሙሉ ሲሆንና ቁልቁለት ሲወረድ ይብሳል፤ ሳልቫትዮው ሲጎድል ግን ይሰወራል። የአየሩ ቦታ 30 ሊትር ቢሆን ኖሮ፣ ያው ግማሽ ሊትር ግፊቱን በ1 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ይቀንሰው ነበር። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ የምንነዳው ደግሞ ጥቂት ጥቂት ሊትር እየቀዳን ነው።

ስለዚህ ሞተሩ በጠፋበት ቦታ የሚከተሉትን በቅደም ተከተል መሞከር ይገባል። በመጀመሪያ ካንዴላው እሳት መስጠቱ ይረጋገጥ፤ የጋለ ቦቢናም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያልና። ይህ ሙከራ ቤንዚን ከመነካቱ በፊት ይደረግ። ቀጥሎ ሞተሩ እንደጠፋ የነዳጅ መርገጫው ሲነካ በካርቡራተሩ አፍ ውስጥ ቤንዚን መረጨት አለመረጨቱ ይታይ። ካልተረጨ የሳልቫትዮው ክዳን ይከፈት፤ አየር እየፏጨ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ጥፋተኛው መተንፈሻው ነው። ለውጥ ከሌለ እርጥብ ጨርቅ በፓምፑ ላይ ይደረግ፤ በዚህ ከተነሣ ሙቀት ነው። ሁለቱም ካልሠሩ ዝገትና ቆሻሻ ፊልትሮውን ወይም የሳልቫትዮውን መውጫ ዘግተው እንደሆነ ይመርመር። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስፋፍቶ እሳት ሊፈልግ ይችላል፤ በአካባቢው ሲጋራም ሆነ ክብሪት ፈጽሞ አይኑር።

እኛም በአራተኛው ጊዜ፣ እዚያው ዳገት ላይ፣ ክዳኑን ከፈትን። አየሩ እየፏጨ ገባ፤ ሞተሩም ጥቂት ከተሽከረከረ በኋላ ተነሣ። የተደፈነውን ቀዳዳ ለመጥረግ አንዲት ቀጭን ሽቦ በቃች።

ሁለቱ ፓምፖች የተለወጡት መካኒኩ ሞያውን ስላላወቀ አልነበረም፤ የሙቀት መላ ምቱ ትክክለኛ ፊዚክስ ነው። የጎደለው ሁለቱን መላ ምቶች የሚለይ ጥያቄ ነበር። ሁለት ማብራሪያዎች ያየነውን ሁሉ እኩል ሲያስረዱ፣ የተለያየ ውጤት የሚተነብዩበትን ቦታ ፈልገን እዚያ መሞከር ይኖርብናል። ይህ በቤተ ሙከራም ሆነ በዓባይ በረሃ አንድ ነው።