ዳባት፦ የጎንደር የሕክምና ትምህርት ሁለተኛ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ጨረሰ። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት ኮሌጁን ያቋቋመው በዓለም የጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ታግዞ ሲሆን፣ የታሰበውም ለከተማ ሆስፒታል ሰው ለማፍራት አልነበረም። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ግቢ ተምረው በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሌላው ምንጩንና መጸዳጃውን ያያል።

እ.ኤ.አ. በ1978 በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የሐኪሞች ሥልጠና ተጨመረ። ስሙም አደረጃጀቱም ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው። የቡድን ሥራው ሐሳብ ግን አልጠፋም። ተማሪዎች በአጭሩ «ቲቲፒ» የሚሉት የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም የዚያ ውርስ ነው።

ቲቲፒ የሚወጡት ሊመረቁ የተቃረቡ ተማሪዎች ናቸው። የሕክምና፣ የጤና መኮንንነት፣ የነርስ፣ የአዋላጅ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ተቀላቅለው ለሳምንታት በአንድ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። መጀመሪያ ቤት ለቤት ይዞራሉ፦ ውኃ ከየት ይቀዳል፣ መጸዳጃ አለ ወይ፣ የትኛው ሕፃን ክትባት አምልጦታል፣ ማን ቤቷ ወለደች። ያገኙትን ደምረው ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በአቅማቸው ያለውን ይሠራሉ። ምንጭ ያጎለብታሉ፣ መጸዳጃ ያስቆፍራሉ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ያስተምራሉ፤ ጎን ለጎንም በጤና ጣቢያው ያክማሉ። የራሱ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ያሉበት አዳራሽ የለመደ የሕክምና ተማሪ፣ የአካባቢ ጤና ተማሪው የሚያውቀውን እሱ እንደማያውቅ የሚረዳው እዚህ ነው። ይህ በፈተና ወረቀት የሚገኝ ትምህርት አይደለም።

ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ዳባት ከእነዚህ ጣቢያዎች የምትለይበት ምክንያት አላት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 145 ሺህ ያህል ነዋሪ የነበረው ይህ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የኮሌጁ የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያ ነው። በተመረጡ ቀበሌዎች እያንዳንዱ ቤት መለያ ቁጥር አለው። መረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው እየተመላለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብለው ይመዘግባሉ። በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 መሆኑን ልብ ይሏል፤ በእነዚህ የዳባት ቀበሌዎች ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ቀድሞ ልደቱም ሞቱም ይጻፍ ነበር።

ከምዝገባው ሁሉ ከባዱ የሞት ምክንያት ፍለጋ ነው። በገጠር ብዙው ሰው የሚሞተው ቤቱ ነው፤ ሐኪም አላየውም፣ የሞት ወረቀትም የለውም። ስለዚህ የሐዘኑ ወቅት ካለፈ በኋላ ጠያቂው ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን? ሳሉስ ደም ነበረው? ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ነበረች? መልሱ ተጽፎ ለሐኪሞች ይደርሳል፤ ሐኪሞቹም ሳይመካከሩ ለየብቻ አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ፤ ካልተስማሙ ሌላ ሐኪም ይጨመራል። ለቤተሰቡ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ገና ያልደረቀ ሐዘን ይነካል። በሌላ በኩል፣ ይህ ካልተጠየቀ ያቺ እናት ለምን እንደሞተች በየትኛውም መዝገብ አይገኝም፤ ኮሌጁም ምን ማስተማር እንዳለበት በግምት ይወስናል።

የአካባቢው በሽታ ራሱ አስተማሪ ነው። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ በርካታ ወጣቶች በአዝመራ ወቅት ሰሊጥና ማሽላ ለመሰብሰብ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ስትነድፋቸው ካላዛርን ይዘው ይመለሳሉ። ምልክቱ የሚታየው ብርድ ካለበት አገራቸው ከገቡ ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል፦ የማይለቅ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ መመንመን። ካልታከመ ይገድላል። ደጋ ላይ የተቀመጠ ወጣት ሐኪም «ባለፈው አዝመራ የት ሠራህ?» ብሎ ካልጠየቀ በሽታው ሊያመልጠው ይችላል። በጎንደር ሆስፒታል ራሱን የቻለ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ፤ ሕመምተኛው ግን እዚያ የሚደርሰው በቀበሌውና በጤና ጣቢያው ያለው ሰው ከጠረጠረ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ማኅበራዊ ተጠያቂነት ሲተረጉም ትምህርታቸውን፣ ምርምራቸውንና አገልግሎታቸውን ለሚያገለግሉት ሕዝብ ቀዳሚ የጤና ችግር የማዋል ግዴታ ነው አለ። በአገራችን ጎንደር በቲቲፒ፣ ጅማ ደግሞ ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገው ትምህርቱ ይህን ቀድመው ጀምረውታል። የጎደለው ሁለተኛው ግማሽ ነው፦ ሕዝቡ ኮሌጁን የሚጠይቅበት መንገድ። የዳባት ገበሬ ለዓመታት ጥያቄ ሲመልስ ኖሯል፤ ከመልሱ የተጻፉት ጥናቶች በእንግሊዝኛ በውጭ መጽሔቶች ይወጣሉ። የቀበሌው ስብሰባ ላይ በአማርኛ ካልተነበቡለት፣ ተቆጥሯል እንጂ ተሰምቷል ማለት ይከብዳል።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በእጅ አለ። ጤና ሚኒስቴር ባስፋፋው የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ ነዋሪዎች ተሰብስበው ለጤና ጣቢያቸው በ6 መመዘኛ ነጥብ ይሰጣሉ፦ የባለሙያው ርኅራኄና አክብሮት፣ የወረፋ ርዝመት፣ የመድኃኒትና የምርመራ መኖር፣ የሕንፃና መሠረተ ልማት ሁኔታ፣ አምቡላንስ፣ ንጽሕና። ኮሌጁ ተማሪዎቹን የሚያሠለጥነው በእነዚሁ ጣቢያዎች ስለሆነ ነጥቡ የእሱም ነጥብ ነው። አክብሮት ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ከተሰጠ ጥያቄው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ብቻ ሳይሆን ለመምህራኑም ነው።

ቲቲፒም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ተማሪው ሳምንታቱን ጨርሶ ይሄዳል፤ ምንጩ ግን ጠባቂ ይፈልጋል፣ ክትባት ያመለጠው ሕፃንም ቀጣይ ቀጠሮ አለው። አዲሱ ቡድን የቀደመውን ቡድን ሪፖርት ይዞ ቢመጣ፣ ቀበሌው ፊት ቆሞ «ይህ ተሠርቷል፣ ያ ቀርቷል» ቢል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የእድር ዳኞችም በተማሪው ውጤት ላይ ድምፅ ቢኖራቸው፣ ዙሩ ይቀጥላል። ዛሬ ደባርቅም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የጤና ተማሪዎችንም ታስተምራለች። ሁለቱ ተቋማት ጃን አሞራንና በየዳን የመሳሰሉ፣ ከአስፋልቱ የራቁ ወረዳዎችን ተካፍለው ቢይዙ፣ ከዳባት መዝገብ የተገኘው ልምድ አምቡላንስ በጭንቅ ወደሚደርስባቸው ሰፈሮች ይዘልቃል።