ለእህልና ለእርሻ ዕቃ ማጓጓዣ የሚሆን ገልባጭ ተሳቢ አመራረጥ
ለወለጋ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በወለጋ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ኑግ፣ ሰሊጥና ቡና በብዛት ይመረታሉ። ምርቱ ከማሳ ወደ መውቂያ፣ ከመውቂያም ወደ ጎተራ የሚጓዘው ዛሬም በአብዛኛው በሰው ሸክም፣ በአህያና በእንስሳት ጋሪ ነው። በአንገርና በዴዴሳ ሸለቆዎች የመንግሥት እርሻዎች በነበሩበት ዘመን ትራክተርና ተሳቢ ለአካባቢው ገበሬ እንግዳ አልነበሩም። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች በራሳቸው ገንዘብ ትራክተርና ተሳቢ ይገዛሉ።

ተሳቢ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ነው። ሳይታሰብበት የተገዛ ተሳቢ ወይ ያለ ሥራ ይቆማል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይሰበራል፣ አለዚያም ቁልቁለት ላይ ትራክተሩን ገፍቶ ሰው ይጎዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ የግዢ ኮሚቴ ከመግዛታቸው በፊት ሊያሰሉትና ሊመረምሩት የሚገባውን ነገር ማስረዳት ነው።

1. በመጀመሪያ የሚጫነውን ነገር መለየት

ገልባጭ ተሳቢ የሚጠቅመው ልቅ ሆኖ ለሚጫን ነገር ነው። ያልተፈለፈለ በቆሎ፣ ፍግ፣ ኮምፖስት፣ ኖራ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና አፈር በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። በጆንያ የተሞላ እህል ግን ቢገለበጥ ጆንያው ይቀደዳል፤ ስለዚህ በሰው ትከሻ መውረዱ አይቀርም። ሥራው ጆንያ ማጓጓዝ ብቻ የሆነ ማኅበር የማይገለበጥና ዋጋው ዝቅ ያለ ተራ ተሳቢ ቢገዛ ይሻለዋል።

በወለጋ ገልባጩን ይበልጥ ተፈላጊ ያደረገው አንዱ ምክንያት የአፈር አሲዳማነት ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢና በነጆ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ በመሆኑ በኖራ መታከም ይኖርበታል። መጠኑ በአፈር ምርመራ የሚወሰን ቢሆንም ለአንድ ሔክታር 20፣ 30 ወይም 40 ኩንታል ኖራ ማስፈለጉ የተለመደ ነው። ለዚያው መሬት የሚገባው ማዳበሪያ ከ2 እስከ 3 ኩንታል ቢሆን ነው። ማዳበሪያውን በአህያ ማድረስ ይቻላል፤ ኖራውን ግን ያለ ተሳቢ ማድረስ አስቸጋሪ ነው።

2. ይዘትና ክብደት የተለያዩ መሆናቸውን መገንዘብ

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት “ሳጥኑ እስኪሞላ ይጫን” ማለት ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር፣ የግድግዳው ከፍታ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 4.8 ሜትር ኩብ ይይዛል። ይህ ሳጥን አፉ ድረስ ሲሞላ የሚመዝነው በግምት እንደሚከተለው ነው፦

ያልተፈለፈለ በቆሎ ከነቆረቆንዳው (በሜትር ኩብ 450 ኪ.ግ.)፦ 22 ኩንታል
በከፊል የደረቀ ፍግ (600 ኪ.ግ.)፦ 29 ኩንታል
የተፈለፈለ በቆሎ (720 ኪ.ግ.)፦ 35 ኩንታል
የተፈጨ ኖራ (1,300 ኪ.ግ.)፦ 62 ኩንታል
ደረቅ አሸዋ (1,600 ኪ.ግ.)፦ 77 ኩንታል
እርጥብ አሸዋ (1,900 ኪ.ግ.)፦ 91 ኩንታል

የተሳቢው የመጫን አቅም 40 ኩንታል ነው እንበል። በቆሎ አፉ ድረስ ቢሞላበት አይጎዳውም። ኖራ ከሆነ ግን ከ38 ሳንቲ ሜትር፣ ደረቅ አሸዋ ከሆነ ከ31 ሳንቲ ሜትር በላይ መጫን የለበትም። እርጥብ አሸዋ ሲሆን ወደ 26 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ይህን ልክ በሳጥኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በቀለም አስምሮ ማስቀመጥ ቀላልና ጠቃሚ ዘዴ ነው። ጫኚዎቹ ማንበብ ባይችሉም መስመሩን ያያሉ።

ሻጩ የሚናገረው ቁጥር የጭነቱ ይሁን የጠቅላላው ክብደት ተለይቶ መጠየቅ አለበት። “አምስት ቶን” የተባለው ተሳቢ ባዶውን 1.3 ቶን የሚመዝን ከሆነና ቁጥሩ የጠቅላላው ክብደት ከሆነ፣ ሊጭን የሚችለው 37 ኩንታል ብቻ ነው።

3. የምልልሱን ብዛት ማስላት

በአዲስ አበባና በነቀምቴ መካከል የሚገኘው የባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀውን ቢ.ኤች. 660ን የመሳሰሉ ዲቃላ በቆሎዎችን አበርክቷል። በመልካም አያያዝ በሔክታር 60 ኩንታል የሚሰጥ ዝርያ 30 ሔክታር ላይ የዘሩ አባላት ቢኖሩ፣ የሚጓጓዘው የተፈለፈለ በቆሎ 1,800 ኩንታል ይሆናል።

ከላይ በተጠቀሰው ሳጥን በቆሎው ከነቆረቆንዳው ቢጓጓዝ 100 ያህል ምልልስ ያስፈልጋል። በማሳው ላይ ተፈልፍሎ ልቁን ቢጫን 52 ምልልስ ይበቃዋል። ነገር ግን ያልደረቀ በቆሎ ሲፈለፈል ፍሬው ስለሚሰበርና በጎተራም ስለሚሻግት ሁልጊዜ በማሳ መፈልፈል አይቻልም። በዚህ ጊዜ የሳጥኑን ግድግዳ በሚነቀል ሳንቃ እስከ 1 ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ያልተፈለፈለው በቆሎ ያን ጊዜ 36 ኩንታል ስለሚደርስ ምልልሱ ወደ 63 ይወርዳል፤ ክብደቱም ከአቅም አያልፍም። ሳንቃው አሸዋና ኖራ ሲጫን ተነቅሎ መቀመጥ አለበት።

የመጫኛ ጊዜም መታሰብ ይገባዋል። ማሳው 5 ኪሎ ሜትር ቢርቅና ትራክተሩ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ መሄጃና መመለሻው 50 ደቂቃ ነው። በሰው ጉልበት መጫን አንድ ሰዓት፣ መገልበጥ 10 ደቂቃ ቢወስድ አንዱ ምልልስ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ በቀን ከ4 ምልልስ አያልፍም። ጊዜው የሚባክነው በመጫን ላይ ከሆነ ትልቅ ተሳቢ መግዛቱ ብቻውን አይረዳም፤ ጫኚ መጨመር ይሻላል።

4. ተሳቢውን ከትራክተሩና ከመንገዱ ጋር ማመዛዘን

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢም ሆነ ወደ አንገር ጉትን የሚጓዝ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ወደ ማሳ የሚያስገቡት መንገዶች ደግሞ በክረምት የሚያንሸራትት ቀይ ጭቃ ናቸው።

80 የፈረስ ጉልበት ያለውና 3.2 ቶን የሚመዝን ትራክተር፣ ከነጭነቱ 5.4 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ይጎትታል እንበል። በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ሁለቱን ለማውጣት በደረቅ ኮረኮንች 1,200 ኪሎ ግራም ያህል የመጎተት ኃይል ያስፈልጋል። ያው ዳገት ጭቃ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል ከ1,700 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። የኋላ ጎማዎቹ እርጥብ አፈር ላይ ይዘው ሊጎትቱ የሚችሉት ግን ከ1,000 ኪሎ ግራም ብዙ አይበልጥም። ሞተሩ ጉልበት ቢኖረውም ጎማው ይሽከረከራል። ጭነቱን በግማሽ መቀነስ እንኳ በዚህ ዳገት አያወጣም። ስለዚህ ኖራንና አሸዋን በበጋ፣ መንገዱ ሳይበላሽ አድርሶ መጨረስ የሥራ ዕቅዱ አካል መሆን አለበት።

ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ከክብደቱ ጥቂቱን በትራክተሩ መጎተቻ ላይ ስለሚያሳርፍ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን በደንብ ይይዛሉ፤ በጠባብ ቦታም ወደ ኋላ ለመንዳት ይቀላል። ለአብዛኞቹ የወለጋ ማኅበራት ይህ ዓይነቱ ይስማማል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ግን መጎተቻውን ወደ ላይ ስለሚያነሣ፣ ሲጫን ከፊት መጀመርና ክብደቱን ማመጣጠን ያስፈልጋል። ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ብዙ ይጭናል፤ የሚስማማው ግን ለሜዳማ ቦታና ለከባድ ትራክተር ነው።

5. ፍሬን

በዋጋ ምክንያት መተው የሌለበት ነገር ቢኖር ፍሬን ነው። ከላይ የተጠቀሰው ተሳቢ በዚያው ቁልቁለት ላይ ትራክተሩን በ540 ኪሎ ግራም ኃይል ከኋላ ይገፋዋል። ትራክተሩ ብቻውን ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው ወደ ጎን አጥፎት ሁለቱም ይገለበጣሉ።

ሀ. ከትራክተሩ ፔዳል ጋር አብሮ የሚሠራ ፍሬን ያለው ተሳቢ ይመረጥ።
ለ. የማቆሚያ የእጅ ፍሬንና ሁለት ታኮ ይኑሩት።
ሐ. ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት በምንም መንገድ አይብለጥ፤ በዳገታማ አገር ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይነስ።
መ. ሾፌሩ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ያስገባ፤ በፎሌ መውረድ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።
ሠ. የትራክተሩ የግራና የቀኝ የፍሬን ፔዳሎች በመንገድ ላይ እንደ ተቆላለፉ ይቆዩ።

6. የማንሻው፣ የሳጥኑና የጎማው ሁኔታ

የተሳቢው ማንሻ የሚሠራው ከትራክተሩ በሚመጣ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ማንሻው የሚፈልገው ዘይት ትራክተሩ ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ከሆነ ሳጥኑ መሐል ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱ መስማማታቸው ከግዢ በፊት መረጋገጥ አለበት። ሳጥኑ እስከ 45 ዲግሪ ድረስ መነሣት ይኖርበታል። ደረቅ በቆሎ ከዚያ ባነሰም ይወርዳል፤ እርጥብ ኖራና ፍግ ግን ይጣበቃሉ።

የኋላው ስፖንዳ ክፍተት እንዳይኖረው በጥንቃቄ ይታይ። በቆሎ የማያፈሰው ክፍተት ጤፍን፣ ኑግንና ሰሊጥን በመንገድ ሁሉ ይዘራል። ቡና ሽታ ስለሚስብ ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት በተጫነበት ሳጥን ሳይታጠብና ሳይደርቅ መጫን የለበትም። ጎማውና ኩሽኔታው በነቀምቴ የመለዋወጫ መደብሮች የሚገኝ ልክ ይሁን። ጎማ ጠፍቶ በመኸር ወቅት የቆመ ተሳቢ እንደሌለ ይቆጠራል።

7. ርክክብ

ኮሚቴው ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት በራሱ ትራክተር እንዲህ ይፈትን። 40 ኩንታል ተመዝኖ ይጫን፤ ሳጥኑ በሜዳ ላይ እስከ መጨረሻው ይነሣና ይገልበጥ። ከዚያም ባዶው ሳጥን ተነሥቶ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ በራሱ ዝቅ ካለ ማንሻው ወይም ቧንቧው ያፈሳል ማለት ነው። በፈተናው ጊዜ ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ። በመጨረሻም ሻንሲው፣ ብየዳው፣ ባሌስትራውና ማያያዣው ተመርምረው ፍሬኑ ጭነት እንዳለ በመጠነኛ ቁልቁለት ይሞከር።

8. የአደጋ መከላከያ

ሲገለበጥ ትራክተሩና ተሳቢው በቀጥታ መስመር፣ በደልዳላ መሬት ላይ ይቁሙ። ጭነቱ በአንድ ጎን ከተጣበቀ ሳጥኑ ወርዶ በአካፋ ይላቀቅ እንጂ ትራክተሩን እያንቀጠቀጡ ማራገፍ አይገባም። ከላይ የመብራት ሽቦ አለመኖሩ ይታይ። ከሥሩ ለመጠገን የሚገባ ሰው ሳጥኑ ባዶ ሆኖ በጠንካራ ብረት ወይም ግንድ ካልተደገፈ አይግባ። ሳጥኑ እንደ ተነሣ መንዳት ክልክል ነው። ሰውን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ በጭነት ላይ ማሳፈር የብዙ አደጋ ምንጭ ስለሆነ ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ይከልክል።

ማጠቃለያ

ተሳቢ ሲመረጥ በመጀመሪያ የሚጫነው ነገር፣ ቀጥሎ ክብደቱ፣ ከዚያ መንገዱና ትራክተሩ፣ በመጨረሻም ዋጋው ይታያል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ማኅበሩ በርካሽ የገዛውን በውድ ይከፍልበታል። የልማት ሠራተኞች ይህን ስሌት ከማኅበራቱ ጋር ተቀምጠው በአካባቢው ማሳና መንገድ ልክ እንዲሠሩት፣ ውጤቱንም ለአባላት ጠቅላላ ጉባኤ እንዲያስረዱ ይመከራል።