በያይነቱ በመንዝ ደጋ፦ ሙስሊም ቤተሰብ ከቤት ውጭ ሲመገብ

ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼ ወይም ወደ መርሐቤቴ የሚጓዝ ሙስሊም ቤተሰብ ከመንገዱ ርቀትና ከብርዱ ቀጥሎ የሚያሳስበው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የት እንበላለን?» የሚለው ነው። በሸዋ ሮቢት ወይም በከሚሴ በኩል ለሚያልፍ መንገደኛ ይህ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም። ደጋው ላይ ግን ነዋሪው በአብዛኛው ክርስቲያን ስለሆነ ምግብ ቤቱም፣ ሥጋ ቤቱም፣ ጠላ ቤቱም የእነሱ ነው።

በዚህም ምክንያት ብዙዎች አገልግላቸውን አሥረው ይወጣሉ። አገልግል መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የአንድ ቀን ስንቅ ነው። ለዘመድ ጥየቃ፣ ለንግድ ወይም ለሥራ ዝውውር ለሚሄድ ቤተሰብ አይበቃም። ሌሎች ደግሞ ልጆቻቸውን በብስኩትና በለስላሳ መጠጥ ሲያባብሉ ውለው ያድራሉ። አንድ ትልቅ ሰው ሁለት ቀን በቆሎና በሻይ ቢያሳልፍ ምንም አይደለም፤ በዚያ ብርድ ለአምስት ዓመት ሕፃን ግን ቀላል ነገር አይደለም።

በውጭው ዓለም በታላላቅ ከተሞች በሚገኙ ውድ ምግብ ቤቶች የተለመደ አንድ አቀራረብ አለ። ተመጋቢው የምግብ ዝርዝር አይቶ አያዝዝም። ወጥ ቤቱ ራሱ የመረጠውን በትንሽ በትንሹ፣ በየሳህኑ፣ አንዱን ካንዱ እያስከተለ ያስቀምሰዋል። ለአንድ ሰው ራት የሚከፈለው ገንዘብ በእኛ አገር የወር ደመወዝ ይሆናል። እኛ ይህንኑ ቅምሻ ከጥንት ጀምሮ በአንድ እንጀራ ላይ ስንበላው ኖረናል፤ ስሙም በያይነቱ ነው። ምን ምን እንዳለበት የሚወስነው ተመጋቢው ሳይሆን ጓዳው ነው። በዕለቱ የተሠራው ሁሉ በትሪው ላይ ዙሪያውን ጠብ ጠብ ይላል። ልዩነቱ የእኛ ሁሉም በአንድ ጊዜ መምጣቱና ብዙ እጅ ወደ አንድ ማዕድ መዘርጋቱ ነው።

የዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች ከነቤተሰቦቻችን በ2011 ዓ.ል ጥር ወር ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘውን ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ከጣርማበር ዋሻ አፋፍ ወደ ግራ ታጥፈን በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ የገባነው ረቡዕ ቀን ነበር። ቀኑን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያኖች ስለሚጾሙ ምግብ ቤቱ ሁሉ የሚያቀርበው ሥጋም ቅቤም የሌለበት፣ በዘይት የተሠራ ነው። በሁዳዴም እንዲሁ። በአንጻሩ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። ስለሆነም በእነዚያ ሳምንታት «ዓርብ ነውና የጾም እናገኛለን» ብሎ የሚሄድ ሰው የሚቀርብለት ጥብስና ቅቅል ሊሆን ይችላልና ልብ ይሏል።

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ጤፍ አይበቅልም፤ ውርጩ አያስተርፈውም። ጤፉ የሚመጣው ከቆላውና ከወይና ደጋው ነው። የመንዝ እህል ገብስ ነው። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚለውን ብሂል ትርጉሙን የሚያገኙት እዚያ ነው፤ ቆሎው፣ በሶው፣ ቂንጬው፣ ገንፎው፣ ዳቦው፣ እንጀራውም ጭምር ገብስ ነው። ከገብሱ ቀጥሎ ባቄላ፣ ምስርና ተልባ ይመጣሉ። ስለዚህ ትሪው ላይ የሚወርደው ነገር ከደጁ ማሳ ብዙም የራቀ አይደለም።

የቀረበልን እንዲህ ነበር። ከመሐል የባቄላ ሽሮ ፈሰስ ብሎ፣ ዙሪያውን ቀይ የምስር ወጥ፣ አልጫ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ በሰናፍጭ የተለወሰ አዚፋ፣ የተልባ ፍትፍት፣ ከዳር ደግሞ ስልጆ። ስልጆ ለማያውቀው፣ ከባቄላ ዱቄት ተሠርቶ በሰናፍጭ የሚኮመጥጥ፣ አፍንጫ ድረስ የሚሰማ ነገር ነው። ልጆቹ አንዴ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና ትሪውን አዙረው ለእኛ ተዉልን። ድንቹ ላይ ግን ተሻሙ። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የበለጠው ተልባው ነበር፤ በገብስ እንጀራ ተፈትፍቶ በዚያ ብርድ ሆድን ያሳርፋል። ሽሮው ግን ጨው በዝቶበት ነበር፤ ይህንንም የምንለው ለአንባቢ ለመንገር እንጂ በማዕድ ላይ አላነሳነውም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አንቋሸው አያውቁም ነበርና፤ ቢወዱት ይበሉታል፣ ካልወደዱት ይተዉታል።

ምግቡ ከመምጣቱ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ተጠይቋል። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ስለነበሩ ከመካከላችን አንዷ እህት ወደ ጓዳ ዘልቃ፣ «እማማ፣ ወጡ በምንድን ነው የተሠራው?» አለቻቸው።

«ጾም አይደለም እንዴ የኔ ልጅ! በዘይት ነው እንጂ» አሉ።

«ድስቱስ?»

«የጾሙ ድስት ለብቻው ነው። ቅቤ በነካው ድስት ብሠራ የኔስ ጾም ምን ሊሆን?»

«አዋዜስ አለበት?»

እዚህ ላይ እናት ቆም አሉ። «አዋዜውን አረቄ ጠብ አድርጌበታለሁ። እሱ ለእናንተ አይሆንም፤ አላቀርበውም። በምትኩ ሚጥሚጣ ላድርግላችሁ።»

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሙስሊም ስለ ሥጋው ይጠነቀቅና አዋዜውን ሳይጠይቅ ይበላል። አዋዜና ድልህ በብዙ ቤት የሚለወሱት በጠጅ ወይም በአረቄ ነው። አረቄ ደግሞ በመንዝና በአካባቢው የብዙ ጓዳ ሥራ መሆኑ ይታወቃል። ጥያቄው በትሕትና ከቀረበ የሚቀየም ባለቤት እምብዛም አይገኝም፤ እርሳቸውም የሚጾሙ ናቸውና መጠንቀቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል።

ሌላው የመቀመጫው ጉዳይ ነው። ኸምር በሚቀዳበት ማዕድ መቀመጥ እንደማይገባ በሐዲስ ተነግሯል። ከፊት ባለው ክፍል ጠላ ይጠጣ ስለነበር ከጓዳ በኩል ያለችውን ክፍል ለመንን፤ ሳያቅማሙ ለቀቁልን።

ስለ ዕቃው የሚጠራጠር ወንድም ካለ፣ ሰሓባው አቡ ሠዕለባ አል-ኹሸኒይ ይህንኑ ጥያቄ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማቅረባቸውን ያስታውስ። የመጽሐፉ ባለቤቶች በሚኖሩበት አገር እንደሚኖሩና በእነሱ ዕቃ መብላት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀው፣ ሌላ ዕቃ ካገኙ በዚያ እንዲበሉ፣ ካጡ ግን አጥበው እንዲበሉበት ተነግሯቸዋል። ሐዲሱ በቡኻሪ ተዘግቧል። ከ1,400 ዓመት በፊት የተጠየቀው የእኛው የመንገድ ጥያቄ ነው።

ሥጋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 5 የመጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ የተፈቀደ መሆኑ ተወስቷል። ዑለማዎች የእርዱን ሁኔታና ሲታረድ የሚጠራውን ስም አስመልክተው ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተውበታል። በአገራችን ግን ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ ሳይበላ መኖሩ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ዝርዝሩን አንባቢ ከሚያምነው ዓሊም እንዲጠይቅ እናሳስባለን። እኛ የምንለው ይህ ልዩነት ጎረቤትን አላራራቀም ነው። ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ይሰጣል፤ እነሱ አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ ከሠርጉ ይካፈላሉ። ልጆቻችን «የእነሱን አንበላም» የሚለውን ብቻ ሰምተው ካደጉ፣ ይህኛውን ግማሽ ማን ይነግራቸዋል?

ስለ አበላል ሥርዓትም በያይነቱ አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃኑን ዑመር ኢብን አቢ ሰለማን ቢስሚላህ ብሎ፣ በቀኝ እጁ፣ ከፊት ለፊቱ እንዲበላ አስተምረዋል። ታዲያ ጎመኑ ከአባት ፊት፣ ድንቹ ከእናት ፊት ሲወድቅ ልጅ ምን ያድርግ? ዑለማዎች ምግቡ ዓይነቱ የተለያየ ከሆነ እጅን ወደሚፈልጉት መዘርጋት ነውር እንደሌለው ገልጸዋል። አነስ (ረ.ዐ) የነገሩንም ታሪክ አለ። አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጋብዞ የገብስ ዳቦ፣ ዱባና ቋንጣ ያለበት መረቅ ሲያቀርብላቸው፣ ዱባውን ከሳህኑ ዙሪያ እየፈለጉ ሲበሉ አይተው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱባ ወዳድ ሆኑ። ገብሱን ልብ በሉ፤ የመንዝ ሰው ዘወትር የሚበላው እህል በዚያ ማዕድ ላይ ነበር። በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት ሰው ተልቢና የተባለውን የገብስ አጥሚት እንዲሰጥ ያዙ ነበር።

ጉርሻንም አንርሳ። ባል በሚስቱ አፍ የሚያደርገው ጉርሻ ሳይቀር አጅር እንደሚያስገኝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ነግረዋቸዋል። ከባልደረቦቻችን አንዱ ይህን ሐዲስ አስታውሶ ባለቤቱን ሲያጎርስ፣ ልጆቹ «እኛስ?» ብለው ተሰለፉ።

በመርሐቤቴ በኩል የሚሄድ ሰው ሌላ ትሪ ይጠብቀዋል። ከሙከ ጡሪ በለሚ አድርጎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ዓለም ከተማ ሲደርስ እንጀራው ጤፍ ነው፤ ከቆላው ማሽላም ይመጣል። ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በአካባቢው ብዙ ነገር ተከስቷል። በ2014 ዓ.ል ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ብዙ ቤት አራቁቷል፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭትም ጉዞው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ይጠይቅ።

መንዝ በበጉ የታወቀ አገር ነው። ከፀጉሩ ባና ይሠራል፣ ሥጋውም የተመሰገነ ነው። በበግ አገር ሦስት ቀን ሰንብቶ ሥጋ ሳይቀምሱ መመለስ ግን ልጆቹን ከንክኗቸው ነበር። ዓርብ ዕለት ገንዘብ አዋጥተን አንድ ጠቦት ገዛን። እናት ግቢያቸውን ፈቀዱልን፤ ቢላዋና ድስት ከገበያ አዲስ ገዛን። ከመካከላችን አንዱ ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ለእርሳቸው ዓርብ ጾም ነውና ሽሯቸውን ይዘው ወጡ። እኛ ጥብሳችንን፣ እርሳቸው ሽሯቸውን፣ በሁለት ትሪ በአንድ ግቢ በላን። ቆዳውን ለእርሳቸው ትተን፣ ድስቱን አጥበን ከመኪናው ላይ ጫንነው።