የፓሽን ፍሩት ሐረግ አተካከልና እንክብካቤ

ፓሽን ፍሩት በአንድ ተክል ለአጥር ውበትን፣ ለግቢ ጥላን፣ ለቤተሰብም ፍሬን የሚሰጥ ሐረግ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ሁለት ችግሮች የተካዩን ድካም ከንቱ ያስቀራሉ። አንደኛው ችግኙ በመጀመሪያው የብርድ ወራት በውርጭ መመታቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሐረጉ በአበባ ተሸፍኖ ፍሬ ሳይዝ መቅረቱ ነው። ሁለቱንም አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

የተክሉ መገኛ ደቡባዊ ብራዚል፣ ፓራጓይና ሰሜናዊ አርጀንቲና ነው። ስሙም ከክርስቶስ ሕማማት የተወሰደ ነው። የስፔን ሚሲዮናውያን በአበባው ላይ የሚታዩትን ሦስት የሴቴ ጫፎች በችንካሮች፣ አምስቱን የወንዴ ክፍሎች በቁስሎች፣ ዙሪያውን የከበቡትን ክሮች ደግሞ በእሾህ አክሊል መስለዋቸዋል።

ለአካባቢ የሚስማማውን ዝርያ መምረጥ

በስፋት የሚለሙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ልጣጩ ሐምራዊ የሆነው ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚስማማው ለወይና ደጋ ይመረጣል፤ ሥር ከያዘ በኋላም ቀለል ያለ ውርጭ ሊቋቋም ይችላል። ቢጫው ፍሬው ተለቅ ያለ ሲሆን ሞቃት አየር ይፈልጋል፤ ውርጭን ፈጽሞ አይችልም። በአርሲ ዞን በጢቢላ አካባቢ ለጭማቂ ፋብሪካ ግብዓት በሰፊ እርሻ የለማው ይኸው ቢጫው ነው። ውርጭ በየዓመቱ በሚወርድበት ደጋ ሁለቱንም ያለ መከለያ መትከል አይመከርም።

የተከላ ቦታና ጊዜ

ሐረጉ ሙሉ የፀሐይ ብርሃንና ውኃ የማይቋጥር አፈር ይሻል። ውኃ በሚተኛበት መረሬ መሬት ላይ ሥሩ ስለሚበሰብስ ከፍ ያለ መደብ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ዘሩ ከፍሬው እንደወጣ ከተዘራ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ የቆየ ዘር ግን ከዚህ በላይ ይዘገያል። ችግኙ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል።

ውርጭ በሚያሰጋበት አካባቢ ተከላው ክረምቱ እንደገባ ቢከናወን ግንዱ ኅዳር ከመድረሱ በፊት የመጠንከር ዕድል ያገኛል። በተክሎች መካከል 3 ሜትር ያህል ርቀት መተው፣ 2 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሽቦ ወይም የእንጨት መደገፊያም ማቆም ይገባል። ከቤት ግድግዳ አጠገብ መትከልም ጠቃሚ ነው፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል።

ከውርጭ መጠበቅ

ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በማይኖርባቸው ሌሊቶች የውርጭ ሥጋት ከፍተኛ ነው። በእነዚህ ምሽቶች ፀሐይ ሳትጠልቅ ችግኙን በጆንያ ወይም በጨርቅ መሸፈን፣ ጧት ፀሐይ ሲወጣም መግለጥ ያስፈልጋል። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ብርዱን ስለሚያስተላልፍ ብቻውን አይበቃም። አፈሩን ቀን ላይ ማጠጣት ሙቀት እንዲይዝ ይረዳል።

በውርጭ የተመታ ሐረግ ወዲያውኑ መቆረጥ የለበትም። የብርዱ ወቅት ካለፈ በኋላ የግንዱን ልጣጭ ጥቂት ፋቅ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት ስላለው የደረቀውን ክፍል ብቻ ማስወገድ ይገባል።

አበባው ፍሬ እንዲይዝ

ቢጫው ፓሽን ፍሩት በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ አይይዝም። ብናኙ ከሌላ ሐረግ መምጣት አለበት። ከአንድ እናት ሐረግ በቁርጥራጭ የተባዙ ተክሎች እንደ አንድ ተክል ስለሚቆጠሩ፣ ብዛታቸው ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ ቢያንስ ከተለያዩ እናቶች የተገኙ ሁለት ሐረጎችን መትከል ያስፈልጋል። ሐምራዊው ግን በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ሊያፈራ ይችላል።

እንጨት እየበሱ ጎጆ የሚሠሩ ትልልቅ ንቦች ዋነኞቹ የብናኝ አስተላላፊዎች ናቸው። ንቦቹ በማይገኙበት ግቢ የአንዱን ሐረግ ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ወስዶ በሌላው ሐረግ አበባ የሴቴ ጫፎች ላይ መቀባት ይቻላል። የቢጫው አበባ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ተከፍቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ስለሚዘጋ ሥራው ከሰዓት በኋላ ይከናወናል። የሐምራዊው አበባ ግን ንጋት ላይ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይዘጋል። ውኃ የነካው ብናኝ ስለሚፈነዳ ሲጠጣ አበባውን ማርጠብ አይገባም፤ በአበባ ወቅት ፀረ ተባይ መርጨትም ንቦቹን ይገድላል።

የዘወትር እንክብካቤ

የሐረጉ ሥር ወደ አፈሩ ወለል የቀረበ በመሆኑ በጥልቀት መኮትኮት ይጎዳዋል። አረሙን በእጅ መንቀልና ከግንዱ ጥቂት አርቆ ጉዝጓዝ ማልበስ ይሻላል። ኮምፖስት ጠቃሚ ነው፤ ዩሪያ ከበዛ ግን ቅጠሉ በአበባው ፈንታ ይበረታል። አበባ የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ በመሆኑ ከምርት በኋላ መግረዝ ያስፈልጋል፤ ብርድ ሲቃረብ መግረዝ ግን ለጋ ቡቃያን ለውርጭ ያጋልጣል። ክሽክሽ የቫይረስ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ቅጠሉ የተዥጎረጎረና ፍሬው የጠነከረ ሐረግ ተነቅሎ መወገድ አለበት።

ምርት መሰብሰብና ጥንቃቄ

ፍሬው አበባው ብናኝ ካገኘ ከ70 እስከ 80 ቀናት ባለው ጊዜ ይበስላል፤ የበሰለውም በራሱ ይወድቃል። በየዕለቱ መልቀም ከብስባሴ ያድነዋል። ልጣጩ ጥቂት የተጨማደደ ፍሬ ይበልጥ ይጣፍጣል።

ቅጠሉና ያልበሰለው ፍሬ ሳይናይድ ሊፈጥሩ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉባቸው ሕፃናት እንዳይቀምሷቸው መጠበቅ ያስፈልጋል። ለውበት ብቻ የተተከሉ ሌሎች የዚህ ወገን ሐረጎችም ፍሬያቸው ሁሉ አይበላም።

ችግኝ ከመግዛት በፊት ዝርያውንና የእናት ተክሉን ማንነት ከችግኝ ጣቢያው መጠየቅ፣ ለአካባቢው ስለሚስማማው ዝርያም በየቀበሌው የሚገኙ የግብርና ባለሙያዎችን ማማከር ይመከራል።